ሊላክ ማለት ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም፤ ይቅር ለማለትም አይደለም። የሚፈርድልኝ ይፍረድልኝ፣ የሚፈርድብኝም ይፍረድብኝ ብዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠላሁት ሰው እጄ ላይ ወደቀ። ያደረግኩትን እንዳደረግኩት እነግራችኋለሁ። የማፍርበትም አለ፣ የማላፍርበትም አለ።

መጀመሪያ እኔ ማን ነኝ? ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ አሜሪካኖቹ ቆርጠው «ብሪ» ይሉኛል። በዲቪ መጥቼ ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ከረምኩ። ከዚያ እየሠራሁ ተማርኩና አሁን በአንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላብ አስተማሪ ነኝ። ከባሌና ከልጄ ጋር ከኮሎምበስ ዳር፣ ሬይኖልድስበርግ እኖራለሁ። ባሌ ትራክ ይነዳል፤ ልጄ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሰው ሲያየኝ ሁሉ የሞላላት ሴት ነኝ። ግን አስረኛ ክፍል ሳለሁ በባንዲራ ሰልፍ ላይ «ሌባ» ተብዬ የተባረርኩ ልጅም ነኝ።

የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ አንድ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ያየ ተማሪ የለም። ኬሚስትሪን የተማርነው በጠመኔ ነው። ቲቸር ጌታሁን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ያሰምራል፤ ሶድየም ሲቃጠል ቢጫ፣ ካልሲየም የሸክላ ቀይ፣ ባርየም አረንጓዴ፣ ፖታሲየም ሊላክ። እኛ እንገለብጣለን። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ሊላክ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጻፊ ብቻ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ስሙ ነው» አለኝ፤ ክፍሉም ሳቀብኝ።

አንባቢ ሆይ፣ «አስተማሪዋን እንዴት አንተ ትላለች» እንዳትለኝ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። በጽሑፍ ግን ሞክሬ አልሆነልኝም።

አንድ ሰኞ ከቁም ሳጥኑ የሲልቨር ናይትሬት ጠርሙስ ጠፋ ተባለ። ሲልቨር ብር ማለት ስለሆነ አንጥረኛ ጋ ወስዶ የሸጠው ተማሪ አለ የሚል ወሬ ተነሳ። በማግስቱ ባንዲራው እንደተሰቀለ እጃችንን ዘርግተን እንድንቆም ታዘዝን። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ቆዳ ይጠቁራል፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ቲቸር ጌታሁን በየሰልፉ መሀል እየዞረ መዳፍ ያያል። እኔ ደግሞ ለአክስቴ ሰርግ እንሶስላ ሞቄ ነበር፤ ጣቶቼ ጫፋቸው ጠቆር ብሏል።

እጄን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ለስድስት መቶ ተማሪ አሳየ። «ልብ በሉ! ሳይንስ አይዋሽም» አለ። እንሶስላ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ የሰማኝ የለም። እጅ ከፍንጅ ተያዘች ተባለና ለአንድ ዓመት ታገድኩ። አባቴ አንድም ቀን ሌባ ብሎ አልሰደበኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ልኮኝ አያውቅም። ሳንቲም ሲያስቀምጥም ሌላ ክፍል ሄዶ ነበር። አራት ዓመት እንደዚያ ኖረን ሞተ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ሲልቨር ናይትሬት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ፈሰሰብኝ። በማግስቱ ጣቴ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ቀይ የለው፣ ቡናማ የለው፤ ከእንሶስላ ጋር ምንም አይገናኝም። ዓይን ያለው ሰው አያምታታቸውም። መታጠቢያው ጋ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። ያ ሰውዬ እያወቀ ነው ያጠፋኝ አልኩ። እያወቀ ነው የሚለውን ያን ቀን ያዝኩት፤ አልለቀቅኩትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ረቡዕ የሥራ ባልደረባዬ ቀዶ ሕክምና ስላለባት የማታ ተማሪዎቿን የመጨረሻ የተግባር ፈተና ቅዳሜ እንድቆጣጠርላት ለመነችኝና የስም ዝርዝሩን ላከችልኝ። አስራ ሁለት ስም ነው። ዘጠነኛው ላይ ዓይኔ ቆመ፤ ጌታሁን ዘለለው። ደወልኩላት። «ኦ፣ እሱ ከአገርሽ ነው፤ በጣም ጨዋ ሽማግሌ» አለችኝ። አገሩ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ነው። ልጁ አምጥታው ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈር ከእሷ ጋር ይኖራል፤ መጋዘን እየሠራ ወገቡ ተጎድቷል። አንድ የምግብ ፋብሪካ በጥራት ክፍሉ ሊቀጥረው ፈቅዷል፤ የጎደለው ይህ አንድ የላብ ኮርስ ብቻ ነው። ቅዳሜ ካለፈ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ከወደቀ እስከ መስከረም መጠበቅ አለበት፤ ፋብሪካው ደግሞ አይጠብቀውም።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ስልኩን ስዘጋ እየሳቅኩ ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «ማሚ፣ ዩ ሉክ ስኬሪ» አለች።

ለባሌ ነገርኩት። ሌላ አስተማሪ እንዲቆጣጠረው አስደርጊ፣ አንቺ ውጪበት አለኝ። እምቢ ስለው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ ተረተብኝ። እኔ ለመጸለይም ለመስረቅም አልሄድም፣ ለመፈተን ነው የምሄደው አልኩት።

ፈተናው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ብልቃጥ ይሰጠዋል፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ። በሦስት ሰዓት ውስጥ በሙከራ ምንነቱን ለይቶ ስሙን መጻፍ አለበት። ለማን የትኛው ቁጥር እንደሚደርስ የምወስነው እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት ብቻዬን መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። ቁጥር ሁለት ተራ የገበታ ጨው ነው፤ ልጅም ይለየዋል። እጄ እሱን አልፎ ቁጥር አስራ አንድ ላይ አረፈ። አስራ አንድ ሽብ ነው። አዎ፣ ያው ፀጉር አስተካካዮች የተላጨ አገጭ ላይ የሚያሹት ሽብ። በኬሚስትሪ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ይባላል። አሉሚኒየሙና ሰልፌቱ በጠብታ ይገኛሉ። ፖታሲየሙ ግን የሚገኘው በነበልባል ብቻ ነው፤ በሊላክ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ። የፖታሲየም ነበልባል ዓይን አፋር ነው። ከእጅ ላብ የመጣች ጥቂት ጨው ከነካችው ሶድየሙ ቦግ ብሎ ቢጫ ይነድና ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው በየተማሪው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ መስታወት የምትቀመጠው፤ በእሷ በኩል ሲያዩት ቢጫው ይጠፋና ፖታሲየሙ ይታያል። የዘጠነኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። መስታወቷን አወጣሁና ኪሴ ከተትኳት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አላወቀኝም። ሐበሻ መሆኔን ግን ወዲያው አወቀና ፊቱ በራ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ፤ ከወዴት ነሽ?»

በእንግሊዝኛ፣ ከሬይኖልድስበርግ ነኝ፣ ፈተና ውስጥ ደግሞ የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልኩት። እዚህ የተወለደች አማርኛ የማትችል ሴት መሰልኩት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀና ቦታው ሄደ።

ደንቡን ጮክ ብዬ አነበብኩ። መነጽር አይወልቅም፣ ጓንት አይወልቅም፣ የማንኛውንም ተማሪ ሥራ ማየት አይቻልም። ማንኛውንም ነገር የቀመሰ ወዲያውኑ ዜሮ ያገኛል። የእንግሊዝኛ ቃል ያልገባው እጁን አውጥቶ ትርጉሙን መጠየቅ ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ።

ሥራው ተጀመረ። ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሱን ብቻ ነው የማየው። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ አሟሟ። ከባርየም ክሎራይዱ ሁለት ጠብታ ጣል ሲያደርግ ውሃው እንደ አጓት ነጭ ሆነ፤ አሲድ ጨመረበት፣ ነጩ አልጠፋም። ሰልፌት ብሎ ጻፈ። ልክ ነው።

ቀጥሎ ሌላ ቱቦ ወሰደና ሶድየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ በጠብታ ጨመረ። እንደ ቡላ ገንፎ ያለ ነጭ ነገር ረጋ። መጨመሩን ቀጠለ። ነጩ ቀስ በቀስ ሟሟና ውሃው ጥርት አለ። እዚህ ላይ ሰውየው ሥራውን አቆመ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ሠራው። ረጋ፤ ጨመረ፤ ጠፋ። ሦስተኛም ሠራው። ሌሎቹ ተማሪዎች ሰዓት እየተሻሙ ሲሯሯጡ እሱ እንደ ሕፃን ለብቻው ይስቃል።

«ይጠፋል እኮ» አለ በአማርኛ፣ ለራሱ። «እውነትም ይጠፋል።»

ደነገጥኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው «አሉሚኒየም ሲበዛበት ይሟሟል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፏል፤ ሲሟሟ ግን አይቶ አያውቅም። የዚያ ቁም ሳጥን ቁልፍ በእጁ ነበር እንጂ ውስጡ ያለው ጠርሙስ ለእሱም እንደ እኛው የስም ዝርዝር ብቻ ነበር። የሲልቨር ናይትሬት ጥቁረትስ? እሱንም አይቶት አያውቅም ማለት ነው። እያወቀ አጠፋኝ ብዬ የያዝኩት ነገር በአንድ ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ። ደስ አላለኝም፤ የቆምኩበት መሬት የተወሰደብኝ ያህል ተናደድኩ።

አሞንያውንም ሞክሮ አሉሚኒየም ብሎ ጻፈ። የቀረው ነበልባሉ ነው። ሽቦውን አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ ዱቄቱን አስነክቶ እሳቱ ውስጥ ከተተው። ቢጫ። ሶድየም ብሎ ጻፈ። ልቡ ግን አላመነም መሰለኝ፤ ሽቦውን አጥቦ እንደገና ሞከረ፣ ቢጫ። በአምስተኛው ላይ ቢጫው ከመምጣቱ በፊት አንዲት የወይን ጠጅ ቀለም ብልጭ ብላ ስትጠፋ እኔ ከሩቅ አየኋት። እሱም አያት። መሳቢያውን ከፈተ፣ ፈለገ፣ ዘጋ። ከዚያ እጁን አወጣ። ሄድኩ።

በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ሊላክ የሚለው ቃል ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዳልገባኝ መስዬ ዝም ስለው ተጨነቀና አማርኛው አመለጠው። «ቃሏን አውቃታለሁ፤ አስተምሬያታለሁ። ቀለሟን ነው የማላውቀው» አለ።

ይህን ጥያቄ አስረኛ ክፍል ሆኜ እኔ ጠይቄዋለሁ። ከእኔ የሚፈለገው «ወይን ጠጅ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። አፌ ውስጥ መጥቶ ቆመ። ከዚያ የአባቴ ፊት ታየኝ፣ ሳንቲሙን ይዞ ወደ ሌላው ክፍል ሲገባ።

«አይ ካንት ሄልፕ ዩ ዊዝ ዛት» አልኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ።

ሃያ ደቂቃ ሲቀር ተማሪዎቹ አንድ በአንድ አስረክበው መውጣት ጀመሩ። እሱ ብልቃጡን አተኩሮ ያያል። ዞር ብሎ አየ፤ እኔ ወረቀት የማይ መስዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ። ትንሿን ጣቱን ዱቄቱ ላይ አስነክቶ ወደ ምላሱ ወሰዳት። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ተከፈተ። ሽብ ነው! ማንም ያገራችን ሰው ምላሱ ላይ ካረፈ አይስተውም። ሽብ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል፣ ቀመሩም ምን እንደሆነ ደግሞ እሱ በቃሉ ያውቀዋል። ሶድየም ያለውን ሰረዘና ፖታሲየም ብሎ ጻፈ።

መልሱ ልክ ነው። ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። አሁን ሁሉም ነገር እጄ ላይ ነው፤ ዝም ካልኩ ሰኞ ሥራ ይጀምራል፣ ከተናገርኩ ዜሮ ነው። ደግሞ መዋሸት አይጠበቅብኝም፣ ደንቡ ራሱ ይበቀልልኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ያቺን ደቂቃ እንደ ማር ነው ያጣጣምኳት።

የመጨረሻው ተማሪ ወጣ። እሱ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩትና በአማርኛ ተናገርኩ።

«ቲቸር ጌታሁን፣ ቀምሰዋል።»

የደነገጠው መቅመሱን ስላየሁበት ይሁን ወይስ በአማርኛዬ፣ አላውቅም። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ «ያቺን ቃል ብትነግሪኝ አልቀምስም ነበር» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የተናገረው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

«እኔን አያውቁኝም?»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት። ትምህርት ቤቱን፣ ዓመቱን፣ ክፍሉን ነገርኩት። የባንዲራውን ሰልፍ ነገርኩት። እንሶስላውን ነገርኩት። እያሰበ፣ ግንባሩን እየሸበሸበ፣ ከልቡ ሊያስታውሰኝ ይሞክራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሊረሳኝ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት በየቀኑ ተሸክሜው የኖርኩት ሰው እኔን አንድ ቀን አልተሸከመኝም።

ድንገት ፊቱ ተፈታ።

«አሃ፣ የሲልቨር ናይትሬቱ ጊዜ! እሱማ ተገኘ እኮ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

«ምን?»

«ጠርሙሱ። ዳይሬክተሩ ለደህንነት ብሎ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ኖሯል። ረስቶት ነው። ተገኘ።»

«መቼ?»

አሰበ። «በዚያው ሳምንት ይመስለኛል። ዓርብ ነው።»

የታገድኩት ማክሰኞ ነበር።

ጠርሙሱን ያስታውሳል፣ ቀኑን ያስታውሳል፣ ልጅቷን አያስታውስም። ለምን አልመለሳችሁኝም ስለው፣ ውሳኔው ተለጥፎ ስለነበር የትምህርት ቤቱ ክብር እንዳይነካ ዳይሬክተሩ ዝም እንበል እንዳለ፣ እሱም ከሌላ ትምህርት ቤት ገና ተዛውሮ የመጣ ስለነበር እንደፈራ፣ ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለች ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ። እውነት ለመናገር ከዚያች ደቂቃ በፊት ልራራለት ጀምሬ ነበር። በቱቦው ሲስቅ ያየሁት ሽማግሌ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ውጤት በሚለው ሳጥን ውስጥ ዜሮ ጻፍኩ፤ ምክንያት በሚለው ላይ «ናሙና ቀምሷል» ብዬ ፈረምኩ። እያየ ነው የጻፍኩት።

ግን አልበቃኝም። ስልኬን አወጣሁና እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቲቸር ጌታሁን አጠገቤ እንዳለ፣ የሚነግርሽ ነገር አለው ብዬ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይንገሩ አልኩት። ነገራት። ጠርሙሱ ዓርብ ዕለት መገኘቱን፣ ልጅዎ አልወሰደችም ብሎ።

እናቴ ትጮሃለች፣ ትራገማለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እንድትራገምልኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ለአስተማሪ በሚገባ ድምፅ ተናገረች።

«እንደምን አሉ ጋሽ ጌታሁን፤ ደህና ነዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው እትዬ» አለ። አንገቱን ደፍቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጠዋትና ማታ በደጃችን ነበር የሚያልፉት። ባለቤቴ ደጅ ተቀምጦ እጅ ይነሳዎት ነበር። አራት ዓመት። ምነው አንድ ቀን ቆም ብለው ሳይነግሩት ቀሩ?»

እናቴ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። በመጨረሻ ተነሳ፣ ኮቱን ከወንበሩ አነሳና መልስ ሳይሰጥ ወጣ። እናቴ «ሄዱ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ዘፈን ከፍቼ ነበር የምነዳው። እስከ እሁድ ማታ ድረስ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፤ አልዋሻችሁም። ሰኞ ጠዋት ግን ኪሴ ውስጥ ያቺን ሰማያዊ መስታወት አገኘኋትና ያመኝ ጀመር። ለመቅመሱ የሰጠሁት ዜሮ የደንቡ ነው። መስታወቷ ግን የእኔ ስርቆት ናት። ያልሰረቅኩትን ሰርቀሻል ተብዬ የኖርኩ ሰው በአርባ ሦስት ዓመቴ ሰረቅኩ። አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ከመሳቢያው ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። ፈተናው ተሰረዘ፤ በማግስቱ ሌላ አስተማሪ በሌላ ቁጥር እንደገና ፈተነው፤ አለፈ። ፋብሪካው ሦስት ቀን ታገሰው። እኔ ለአንድ ዓመት ፈተና እንዳልቆጣጠር ተደረግኩ።

ጠይቆኝ ስለከለከልኩት ቃል ግን ለአለቃዬ አልነገርኩም። የጠየቀኝም የለም። ዛሬ ለእናንተ መናገሬ ነው።

«ታዲያ ምን ለወጠብሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ሳስተምር ቀለሙን ሳላሳይ ስሙን አልናገርም፤ ነበልባሉን ካዩ በኋላ ነው ሊላክ የምላቸው። ያ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ ጥላቻዬን ለሁለት መክፈሌ ነው። በእንሶስላው ጊዜ ያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ ያን ይቅር ብዬዋለሁ። ዓርብን ግን አልቻልኩም። ከዓርብ ጀምሮ ያውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሁሉንም ባንድ ላይ ተይው ይሉኛል። እናንተስ ብትሆኑ ትተዉት ነበር? እኔ ለሰው ምክር የለኝም።

እናቴ በየእሁዱ ስደውልላት ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ «አስተማሪሽ መለሱልሽ?» አልመለሱም እማዬ እላታለሁ። እሷ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ መልሱን ሳልሰማ አልሞትም ትላለች።

እሱን አልፎ አልፎ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ አገኘዋለሁ። ደህና ነው፤ የፋብሪካው ስም ያለበት ነጭ ጋውን ለብሶ አይቼዋለሁ። ሰው ቢኖርም ባይኖርም አጠገቡ ሄጄ እንደምን ዋሉ እላለሁ፤ ልጆቹን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ምነው አንድ ቀን ቆም ብለው ለአባቴ ሳይነግሩት ቀሩ እለዋለሁ። ባለፈው ወር የያዘውን ዕቃ መደርደሪያው ላይ ትቶ ወጣ። ግሮሰሪውን እንደቀየረ ሰምቻለሁ። አዲሱ የት እንደሆነ አውቃለሁ።